ወጨጫን የሚያሳየው መስኮት

ሰበታ፣ ዓለም ገና
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ፤

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለፈሀድ። አላህ ጤናህን ከነጉልበትህ ይጠብቅልህ፤ የደከምክበትን ቤት ከልጅህ ጋር ተቀምጠህ የምታይበትን ቀን ያቅርብልህ። እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። ሚስትህ ሚንሃ ደህና ናት። ልጅህ ራያ ደግሞ ከደህናም በላይ ናት። መራመድ ከጀመረች ወዲህ ወለል ላይ የምትገኝበት ጊዜ ጥቂት ነው። ትናንት በሱቄ መደርደሪያ ላይ ወጥታ ከመጋረጃ ጥቅሎቹ መሃል ተቀምጣ አገኘኋት። እንዴት እንደወጣች እስካሁን አልገባኝም።

በወረቀት የምጽፍልህ በስልክ ስላስቸገርከኝ ነው። የናፈቀህን ምግብ ስንቆጥር ጥርት ብሎ የሚሰማው ድምፄ፣ ስለ መስኮቱ ላነሳ ስል «አክስቴ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው» ያሰኝሃል። ወረቀት አይቆራረጥም። ነጋዴው ሀሰኖ ዕቃ ሊያመጣ ዱባይ በተመላለሰ ቁጥር ይዞልህ ይመጣል፤ መልሱንም በእሱው እጅ ላክልኝ። የቤቱ ጉዳይ ከዛሬ ጀምሮ በጽሑፍ ይሁን።

የሦስተኛው ፎቅ መስታወት ተገጥሞ አልቋል። የህያ የአሉሚኒየም ሥራውን ንጹህ አድርጎ ነው የሠራው፤ እጁን አልወቅስም። እንዳዘዝከው ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት ብቻ ነው፤ ከሥሩ አንድ ረድፍ ብሎኬት እንኳ የለውም። ሲንሸራተት ሰፊ አፉን ይከፍታል፤ ከእግርህ ጣት ቀጥሎ ያለው የጅማ መንገድ ነው። ከታች ባጃጅ፣ ሲኖትራክ፣ የተፍኪ ሚኒባስ፣ ሁሉም ጭንቅላቱን እያሳየህ ያልፋል። እኔ ደፍሬ ወደ ታች አየሁና ወደ ኋላ ሸሸሁ።

ጎረቤታችን ኦቦ ገርባ ቤቱን ሊመርቅ መጥቶ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ አልገባም አለ። ስለምነው ግድግዳውን እየዳበሰ እንደ ዓይነ ስውር ዞሮ፣ ከመስኮቱ ሩቅ ጥግ ቆመና «ያ ሃዋ፣ ኩን ፎዳ ሚቲ፣ በልበላ ዳ» አለኝ። ይሄ መስኮት አይደለም፣ በር ነው ማለቱ ነው። ቀጠለና «ገረ ኤሳቲ?» አለ። ወዴት ነው ማለቱ ነው፤ ወዴት የሚያስወጣ በር ነው ልበለው? ሳቅኩ፤ ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ ጠፋብኝ።

ስለዚህ ስማኝ። የሦስተኛውን ፎቅ ቁልፍ ከየህያ ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ያ መስታወት መከለያ እስኪሠራለት ድረስ ሚንሃና ራያ እኔው ጋ፣ ከሱቁ ጀርባ ይቀመጣሉ። ሚንሃ ቤቴ ናፈቀኝ እያለች ታኮርፋለች፤ ታኩርፍ። መከለያ እንዲሠራ ፈቃድህን ጽፈህ ላክልኝ፤ ሌላው የእኔ ሥራ ነው።

አክስትህ ሃዋ

*

ዱባይ፣ ዴራ
የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወዓለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ፤

ለተከበሩ አክስቴ ለሃዋ። እንዴት ሰነበቱ? አባቴ ከሞተ ወዲህ በእሱ ቦታ የቆሙልኝ እርስዎ ነዎትና አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ሱቅዎን ደንበኛ አያሳጣብኝ። እኔ ደህና ነኝ። ካርጎ ቤቱ ሥራ በዝቷል። ረመዳን ሲደርስ የሀገራችን ነጋዴ ሁሉ እዚህ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ካርቶን ስናስር እንውላለን።

አክስቴ፣ አይቆጡኝና መስኮቱ ላይ ብረት አልፈልግም። የሦስተኛውን ፎቅ ሳሠራ የጠየቅኩት አንድ ነገር ቢኖር ያንን መስታወት ነው። ለኩሽናው ሴራሚክ፣ ለበሩ እንጨት ሲባል የፈለጋችሁትን አድርጉ ብያለሁ፤ ትዝ ይልዎታል። ፍርግርግ የተገጠመበት መስኮት እስር ቤት ይመስለኛል። መስታወቱም እንደሚያስቡት ስስ አይደለም። የህያ ወፍራሙን ነው ያስገባልኝ።

እዚህ ከተማው በሙሉ መስታወት ነው። እንዲያምኑኝ ፎቶ አሳትሜ ልኬልዎታለሁ፤ ይቁጠሩት፣ ስንት ፎቅ እንደሆነ። በየፎቁ ሰው ይኖራል፣ ልጅም ያድጋል፤ እንደ በሰለ ማንጎ ሲረግፉ አላየሁም። ልጅቷን ደግሞ እናቷ ትጠብቃታለች።

እባክዎን ቁልፉን ለሚንሃ ይስጧት። ረመዳን ሳይገባ ቤታቸው እንዲገቡ እፈልጋለሁ። የመጀመሪያውን ኢፍጣር የወጨጫን ተራራ እያዩ ቢያፈጥሩ ምንኛ ደስ ይለኛል።

የሚወድዎት
ፈሀድ

*

ሰበታ
የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም፤

ለፈሀድ። አላህ ልብህን ያለስልስልህ፤ ጆሮህንም አብሮ።

ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለተኛውን ያነበብኩት ንዴቴ እስኪበርድ ቆይቼ ነበር። አልበረደም።

«እናቷ ትጠብቃታለች» ትላለህ። እናቷ ወጥ ትሠራለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ትሰግዳለች፣ እንደ ሰው እንቅልፍም ይጥላታል። ሚንሃ ሰግዳ አሰላሙ ዓለይኩም ብላ ፊቷን እስክታዞር ራያ የት እንደምትደርስ አንተ አታውቅም፤ እኔ አውቃለሁ። መደርደሪያው ላይ ያገኘኋት በእንዲህ ያለ ሰዓት ነው።

ሱቄን ዘግቼ ሌላው ሰው ምን እንደሚያደርግ ላይ ብዬ ዞርኩ። ቡራዩ ደንበኛዬ ዱርሲቱ ጋ ሄድኩ፤ የላይ ፎቆቿን መስኮቶች በሙሉ በውጭ በኩል ፍርግርግ አስበይዳባቸዋለች። ድመት አያልፍም። እውነቱን ልንገርህ፣ ተቀምጬ ሻይ ስጠጣ ደስ አላለኝም፤ ሰማዩ በቁራጭ በቁራጭ ነው የሚታየው። ደግሞስ እሳት ቢነሳ በየት ይወጣል? አንተ ያልከውን እዚያ ላይ አልካድኩም። ከቡራዩ ተመልሼ ሱሉልታ ወጣሁ። መጋረጃ የሰፋሁላት ሄመን ያንተን የመሰለ መስታወት አላት፤ እሷ ከመስታወቱ ወዲህ፣ በቤቱ ውስጥ፣ የማይዝግ ብረት አጥር አሠርታለች። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ብረቱ አግድም ነው። እኛ ወሬ ስንይዝ የልጅ ልጇ አንዱን ረግጦ፣ ሌላውን ጨብጦ ጫፍ ደረሰ። መሰላል አሠርታ አጥር ብላ ጠርታዋለች።

የህያን ደግሞ ያዝኩት። ሁለት መስታወት መሃሉ ላስቲክ ተደርጎ የሚጣበቅ አለ፣ ቢሰበር እንኳ አይረግፍም አለኝ። ታዲያ መስኮቱ ከተከፈተ መስታወቱ ቢጠነክር ምን ይፈይዳል? እሺ ተወው፣ ሶፋ ደቅኑበት አለኝ። ወላሂ ሳቅኩበት። ሶፋ ማለት ለራያ ደረጃ ነው! ይሄንን እኮ ልጅ ያላሳደገ ሰው ነው የሚናገረው።

እኔ የወሰንኩት ይሄ ነው፦ በውስጥ በኩል አጥር፣ ዘንጎቹ ቋሚ፣ እግር የሚያሳርፍ አንድም አግድም የሌለው፣ መሃላቸው የልጅ ጭንቅላት የማያስገባ። ከፍታው እስከ ደረቴ። መስኮቱም ከስንዝር በላይ እንዳይንሸራተት ማቆሚያ ይደረግለት። «እሺ» ብለህ ጻፍ። «አይሆንም» ካልክ መስታወቱን አስነቅዬ እስከ ወገብ ብሎኬት አስደረድርበታለሁ፤ ያን ጊዜ ፎቶ ልላክልህ። መልስህ እስኪመጣ በሩ አይከፈትም፣ ረመዳንም ይግባ።

የላክልኝን ፎቶዎች አይቻለሁ። ሕንጻዎቹ ያምራሉ። ሁሉንም ከውጭ፣ ከመንገድ ላይ ሆነህ ነው ያነሳሃቸው። ከውስጥ የተነሳ አንድም የለም። እስቲ በሚቀጥለው የራስህን መኝታ ቤት መስኮት አንስተህ ላክልኝ።

ረመዳንን በሰላም ያስጨርስህ።

አክስትህ ሃዋ

*

ዱባይ
ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወዓለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ፤

ለተከበሩ አክስቴ። እንኳን ለኢድ በሰላም አደረሰዎ። ጾማችሁን አላህ ይቀበላችሁ፤ በበዓሉ ቀን ራያን በአዲስ ቀሚስ አይቻታለሁ፣ አላህ ያክብርልኝ፣ እርስዎ እንደሰፉት ገና ሳያት ነው ያወቅኩት።

መልሴ ዘገየ። ሀሰኖ በረመዳን ስላልተጓዘ ነው ብዬ ልጽፍ ነበር። እውነቱ ግን ደጋግሜ ጀምሬ ደጋግሜ ቀድጃለሁ።

የመኝታ ቤትህን መስኮት ፎቶ ላክልኝ አሉኝ። የለኝም። የሌለኝ ፎቶው አይደለም፣ መስኮቱ ነው። እዚህ ዴራ አንዱን ክፍል በጣውላ ከፋፍለው ያከራዩታል። መስኮቱ የደረሰው ጥግ ላይ ላለው ሰው ነው፤ የእኔ መሃል ላይ ነው። አልጋዬም ጣውላ ነው፣ ላዩ ላይ ስስ ስፖንጅ አለ። ዝናብ ዘነበ፣ ፀሐይ ወጣ የማውቀው ደረጃ ወርጄ መንገድ ስደርስ ነው። ሚንሃ ይሄን አታውቅም። በቪዲዮ የምደውልላት ሁልጊዜ ካርጎ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነው። እባክዎን አይንገሯት።

ያን መስታወት ያዘዝኩት ለጉራ መስሎዎት እንደሆነ አላውቅም። እኔ ያሰብኩት ወለል ላይ ፍራሽ አንጥፌ ተኝቼ፣ ጭንቅላቴን ሳላነሳ ወጨጫን ማየት ነው። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ያንን ነው የማስበው። ለዚህ ነው ብረት ሲሉኝ አልፈልግም ያልኩት።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ በኋላ አንድ ረጅም ሕንጻ ላይ ዕቃ ላደርስ ወጣሁ። ብዙ ጊዜ የገባሁበት ቢሮ ነው። እስከዛሬ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ውጭ ወደ ባሕሩ ነበር። የዚያን ዕለት መስኮቱን ራሱን አየሁት። አይከፈትም። መስታወቱም እርስዎ እንዳሉት ድርብ ነው። ከፊቱ ደግሞ ወገብ ድረስ ዘንግ አለ። እየተደገፍኩበት ባሕር ሳይ ኖሬ ዘንጉን አላየሁትም ነበር። ዕቃውን አስፈርሜ ስወርድ በእርስዎ ላይ ያነሳሁት ክርክር ሁሉ አሳፈረኝ።

እሺ። እርስዎ እንዳሉት ይሠራ። ዘንጎቹ ግን ቀጭን ይሁኑልኝ፣ ተኝቶ ለሚያይ ሰው ተራራውን አይሸፍኑበት። የመስኮቱን ማቆሚያ ከዚህ ገዝቼ በሀሰኖ እጅ ልኬያለሁ። መስኮቱ በሚንሸራተትበት ሐዲድ ላይ ይታሰራል፤ በትንሽ ቁልፍ ነው የሚጠብቀውና የሚላላው። ቁልፉ ሁለት ነበር፤ አንዱን ሱቁ ውስጥ ስሞክር ውስጡ ሰበርኩት፣ ሻጩ አወጣልኝ። ያለችው አንዷ ናትና እንዳትጠፋ።

የሚወድዎት
ፈሀድ

*

ሰበታ
ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ፤

ይድረስ ለልጄ ለፈሀድ። እንኳን ለዐረፋ አደረሰህ። አላህ የሚመጣውን ዐረፋ ከእኛው ጋር፣ በገዛ ቤትህ፣ በሰፊ ብርሃን ያድርግልህ። አይንገሯት ያልከኝን ለሚንሃ አልነገርኳትም። አልቅሼ ግን ነበር፤ ይሄን እወቅልኝ።

ቤቱ ተከፈተ! አጥሩ አልቋል። በያጁ ዘንጎቹን እንዳልከው ቀጭን፣ እኔ እንዳልኩት ቋሚ አድርጎ ሠርቶታል። ከፍታው ከወለል እስከ ደረቴ ነው። እንደጨረሰ ራያን ወስጄ ሥሩ አቆምኳት፤ እጇን ዘርግታ ተንጠራራች፣ ጫፉ ጋ አልደረሰችም፣ ተናዳ በእግሯ መታችው። በዚያ ቀን የተኛሁትን እንቅልፍ ልነግርህ አልችልም። ማቆሚያውንም የህያ አሰረው። መስኮቱ ስንዝር ተከፍቶ ቀጥ ይላል፤ ትንሿ ቁልፍ እኔ አንገት ላይ ናት።

የቤት መግቢያ ስጦታዬ ደግሞ ወለል ላይ የሚነጠፍ መጅሊስ ነው። ለሌላ ሰው እንዲህ ያለ ሰፍቼ አላውቅም። አረንጓዴ ከፈፍ ያለው፣ ስፖንጁን እጥፍ አድርጌ ነው ያስሞላሁት። ጣውላ ላይ የሚያድር ጎን ሲመጣ ስምጥ ብሎ ይተኛበት ብዬ ነው። ከጀርባው ወፍራም መደገፊያ ትራሶች ደረደርኩበት። ከመስኮቱ ሥር ከዳር እስከ ዳር አንጥፌልሃለሁ፤ ሌላው ግድግዳ በርና ቴሌቪዥን ይዞታል፣ ደግሞም ወጨጫን ከመስታወቱ አጠገብ ሆነህ እንድታየው ነው።

የዐረፋ ዕለት ሰው ሞላ። ሽማግሌዎቹ ዱዓ አደረጉልህ፣ ጀርባቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው ተቀመጡ፤ ሃዋ መጅሊስሽ ከቤቱ በለጠ ተባልኩ። ኦቦ ገርባ ከጫንጮ የመጣ ማር ይዞ መጥቶ ነበር፤ አሁንም ከመስኮቱ ርቆ ነው የተቀመጠው፣ የእሱን ተወው። ሚንሃ በስልክ የምታሳይህ የልጅቷን ፊት ብቻ ስለሆነ ፎቶ አንሺ ጠርቼ ክፍሉን በሙሉ አስነስቼልሃለሁ። ራያን እያት፣ አገጯን ብረቱ ላይ አስደግፋ ባጃጅ ስታይ። እንደ ትልቅ ሰው አይደለችም?

አክስትህ ሃዋ

*

ዱባይ
ሰኔ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወዓለይኩሙ ሰላም፤

ለተከበሩ አክስቴ። ፎቶውን እንዳየሁ የደወልኩልዎት ጊዜ ስለጮህኩብዎት ይቅር ይበሉኝ። «ሃዋ፣ ሮጠሽ ልጄን አውርጃት» ማለቴ ትዝ ይለኛል። በሕይወቴ እርስዎን «አንቺ» ብዬ አላውቅም። ስልኩ ሲዘጋ ሀሰኖ ውሃ አምጥቶ አጠጣኝ። ልጅቷን እንዳወረዷት መልሰው ሲነግሩኝ መንገድ ዳር ቁጭ አልኩ።

የቤቱ ጉዳይ በጽሑፍ ይሁን ስላሉኝ ልጻፈው። በደብዳቤዎ ራያ ተንጠራርታ የብረቱ ጫፍ አልደረሰችም ብለዋል። በፎቶው ብረቱ አገጯ ሥር ነው። ብረቱ አልተቆረጠም። ልጄም በአንድ ወር ይሄን ያህል አላደገችም። ከፍ ያለው ወለሉ ነው። ፍራሹ ላይ ቆማ እንዲህ ከሆነች፣ ትራስ ላይ ብትወጣ ብረቱ ወገቧ ላይ ነው የሚቀረው።

እንዴት እንዳላዩት አልጠይቅዎትም። ለእኔ ብለው እጥፍ እንዳደረጉት አውቃለሁ።

አሁን የምለምንዎት የቡራዩን ፍርግርግ ነው። በውጭ በኩል፣ ከላይ እስከ ታች፣ እንደ ዱርሲቱ ቤት ያስገጥሙልኝ። ተራራው በቁራጭ ይታይ። እስር ቤት ይመስላል ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሁን ደግሞ እኔው አንስቼዋለሁ። ምንም አልፈልግም፣ ልጄን ብቻ ነው የምፈልገው።

ፈሀድ

*

ሰበታ
ሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ፤

ለልጄ ለፈሀድ። አላህ ድንጋጤህን በደስታ ይለውጥልህ። ስለ ጩኸቱ ይቅር በለኝ አትበለኝ። ጮኸህ ባትጠራኝ ኖሮ ደንበኛዬን ሸኝቼ፣ ጨርቄን አጥፌ፣ ቀስ ብዬ ነበር የምወጣው።

በስልክ «አወረድኳት» ብቻ ያልኩህ ሌላውን ማለት ስላቃተኝ ነው። አሁን ሁሉንም እነግርሃለሁ። ከሱቄ ተነስቼ ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም፤ አንድ ጫማዬ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቀርቷል። ሚንሃ የዐስር ሶላት እየሰገደች ነበር። ራያ አንዱን መደገፊያ ትራስ ጎትታ መጅሊሱ ላይ አስተኝታ፣ እሱ ላይ ወጥታ፣ ሆዷን ብረቱ ላይ አድርጋ ተንጠልጥላለች። እግሮቿ ትራሱን ለቀዋል። ክንዷ በተከፈተው ስንዝር በኩል እስከ ትከሻዋ ወጥቶ ባጃጆቹን ቻው ቻው ትላቸዋለች። በሌላ እጇ መስኮቱን እየገፋች ነበር። ያንተ ማቆሚያ ያዘው። ሌላ ምንም አልነበረም፣ ያቺ ከዱባይ የላክሃት ብረት ብቻ።

አልጮህኩም። ብደነግጥ ትደነግጣለች ብዬ ከኋላዋ ሄጄ ቀሚሷን ጨበጥኩ። ይዤያት ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ። እሷ ባጃጁን አስጣልሽኝ ብላ አለቀሰች። ሚንሃ ሰላምታዋን ጨርሳ ዞር ስትል ሁለታችን እየተነፋረቅን አገኘችን።

ሶፋ ደቅኑበት ሲባል የሳቅኩት እኔው ነኝ፤ ለዚህ ነው ራሴን ያልማርኩት። ዕድሜዬን በሙሉ መጅሊስ ሰፍቻለሁ፣ መጅሊስ ላይ ወልጃለሁ፣ እንግዳ ተቀብዬበታለሁ። ለእኔ መጅሊስ ወለል ነው፤ ሶፋ ነው የቤት ዕቃ። ሽማግሌው ሁሉ እዚያ ተቀምጦ ዱዓ ሲያደርግ አንዱም ወለሉ ከፍ ማለቱን አላየም፣ ሁላችንም ከዚያው ወለል ያደግን ነና። ከሩቅ ያለኸው አንተ አየኸው።

ፍርግርጉን ግን አላስገጥምም። ለምነኸኛል፣ ልመናህንም አንብቤያለሁ፣ መልሴ አይሆንም ነው። ልጄ ከጣውላ መሃል ወጥቶ ብረት ውስጥ አይገባም። መጅሊሱን አስነሳሁት። ቴሌቪዥኑን አስነቅዬ፣ ሚንሃን አስቀይሜ፣ መስኮቱ ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ሥር አነጠፍኩት። ከመስኮቱ ሥር ትራስ ቀርቶ መስገጃ እንኳ እንዳይነጠፍ ከሚንሃ ጋር ተማምለናል። ዘንጎቹንም በያጁን ጠርቼ ከራሴ በላይ አስቀጠልኳቸው፤ ቀጭን ናቸው፣ አትፍራ። ሁሉም ካለቀ በኋላ በሩን ዘግቼ መጅሊሱ ላይ በጎኔ ተጋደምኩ፣ እንደ አንተ ሆኜ ልሞክረው ብዬ። ጭንቅላቴን ሳላነሳ ወጨጫ ከነደመናው ታየኝ። እውነትህን ነው፣ እንዲህ ተኝቶ ማየት ደስ ይላል።

ኦቦ ገርባን ጠራሁት። በሩ ላይ ቆሞ ብዙ አየ፤ ከዚያ ግድግዳ ሳይዝ፣ በክፍሉ መሃል አቋርጦ ሄደና ዘንጎቹን በሁለት እጁ ነቀነቃቸው። «አመ ፎዳ ተኤ» አለ፤ አሁን መስኮት ሆነ ማለቱ ነው። ማሳውን ከዚያ ሆኖ ፈልጎ አገኘው፣ በሬዎቹ የሰው እህል ውስጥ መግባታቸውን አይቶ እየተሳደበ ወረደ።

ሱቄ ውስጥ ደግሞ አዲስ ሕግ አውጥቻለሁ። መጅሊስ ሊያሠራ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ መስኮቱ የት እንዳለና ከወለሉ ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደሚጀምር ይነግረኛል። ቤቱ ፎቅ ከሆነ ሄጄ ካላየሁ ጨርቅ አልቆርጥም። መስኮት ሥር የሚያስነጥፍ ከሆነ ብረቱ ከፍራሹ አናት ይለካ እላለሁ። አንዱ ከቡራዩ የመጣ «እርስዎ መጅሊስ ነው የሚሸጡት ወይስ መሐንዲስ ነዎት?» ብሎኝ ተቆጥቶ ወጣ። ይውጣ፣ ሌላ ጋ ይግዛ። የሱሉልታዋ ሄመን ግን የደረሰብኝን ሰምታ አሰበችበት፤ ያንን አግድም መሰላሏን አስነቅላ በቋሚ እያስለወጠች ነው።

አንድ ነገር ቀረ። ቤቱ ታፈነ፣ ምንጣፍ እናራግፍ፣ መስታወቱን በውጭ በኩል እናጥብ እያለ ቁልፏን የማይጠይቀኝ ሰው የለም። ሚንሃ ትጠይቀኛለች፣ የህያ ይጠይቀኛል፣ እኔም ራሴ አንድ ቀን እጄን አንገቴ ላይ አገኘሁት። እኔን ደግሞ አይተኸኛል፣ አዋቂ ነኝ ባይ ነኝ። ስለዚህ ከአንገቴ ፈትቼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለሀሰኖ ሰጥቼዋለሁ። እሷን የመሰለች ሌላ የለችም። መስታወቱን ክረምቱ ያጥበዋል፣ ለንፋሱም ስንዝሯ ትበቃለች።

ያ መስኮት በሰፊው የሚከፈተው አንተ በሩን አልፈህ ስትገባ፣ ራያን በአንድ እጅህ ታቅፈህ፣ በሌላው እጅህ ነው። ከዚያ በፊት ማንም አይከፍተውም፣ እኔም ጭምር። እስከዚያ ቁልፏን አንተ ጋ፣ መስኮት በሌለው ጣውላህ ላይ በሚስማር ስቀላት።

አክስትህ ሃዋ